ለአዋቂ የትኛው ሁላሁፕ ይሻላል? የሚገጣጠመው፣ ባለ ኳሱና ከውሃ ቱቦ የሚሰራው

«እኔ ሁላሁፕ አይሆንልኝም» የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሞከሩት ግን ወገብ ላይ የሚዞረውን የልጆች ቀለበት ነው፤ ስፋቱ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ክብደቱ እዚህ ግባ የማይባል ቀጭን ፕላስቲክ። ቀለበት በጠበበ ቁጥር ሳይወድቅ ለመቆየት ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፤ ያን ፍጥነት ለመከተል ደግሞ የለመደ ወገብ ያስፈልጋል። ሰፋና ከበድ ያለው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሆድና ወገብ የሚገፉበት ጊዜ ያገኛሉ። «መጀመሪያ በትንሹ ልመዱ፣ ከዚያ ትልቁን ትገዛላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ነገሩን ገልብጦታል። ትልቁ የጀማሪ ነው፤ ትንሹ የለመደ ሰው።

የልጆቹ ቀለበት እንዲህ የቀለለው ከጅምሩ ለልጅ ተብሎ ስለተሰራ ነው። ዋም ኦ የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት መስራቾች ሪቻርድ ነርና አርተር መሊን፣ የአውስትራሊያ ተማሪዎች በስፖርት ክፍለ ጊዜ የቀርከሃ ቀለበት ወገባቸው ላይ እንደሚያዞሩ ሰሙና እ.ኤ.አ. በ1958 በፕላስቲክ ሰርተው በ1.98 ዶላር ለገበያ አወጡት። ዛሬ በየመጫወቻ ሱቁ የሚንጠለጠለው ቀለበት የዚያ ወራሽ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ ግሩም ዕቃ ነው፤ ለአዋቂ ሰው እንቅስቃሴ ግን አልታሰበም። የሪትሚክ ጂምናስቲክ ቀለበትም እንዲሁ ነው። በውድድር ደንቡ ስፋቱ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ቢያንስ 300 ግራም ነው፤ ለመወርወርና በእጅ ለማዞር እንጂ ወገብ ላይ ደቂቃ ለመቁጠር የተሰራ አይደለም።

ልካችሁን ለማወቅ ቀለበቱን ከፊታችሁ መሬት ላይ አቁሙት። የላይኛው ጫፉ ከእምብርት በላይ፣ ከደረት በታች ከዋለ ይሆናችኋል። ለአብዛኛው አዋቂ ይህ ከ95 እስከ 105 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወገባቸው ሰፋ ላለ ሰዎች 110ም አይበዛም። ክብደቱ ከ500 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁለት ኪሎ የሚደርሱትን ለጀማሪ አንመክርም፤ ሰውነት ገና ሳይለምድ ዳሌ አጥንት ላይ እየመቱ ቆዳን ያበልዛሉ፣ ከዚያም ቀለበቱ ቁም ሳጥን ላይ ይረሳል።

ቦታም አስቡ። የአንድ ሜትር ቀለበት ሲዞር ከሰውነታችሁ መሃል በየአቅጣጫው 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጠቅላላ ወደ 1.7 ሜትር ማለት ነው። ሲወድቅና ሲወረወር የሚሄድበትን ጨምራችሁ ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ተኩል ባዶ ወለል ካላገኛችሁ፣ ቴሌቪዥኑንና የብርጭቆ መደርደሪያውን ከአደጋ ለማዳን በረንዳ ወይም ግቢ ብትወጡ ይሻላል።

የሚገጣጠመው ባለ ስፖንጅ

አሁን በሱቅም በኢንተርኔትም በብዛት የሚሸጠው ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቁራጭ ሆኖ በካርቶን ይመጣል፤ ውስጡ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት፣ ላዩ ስፖንጅ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ ላይ በስፕሪንግ የምትገፋ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ በቀጣዩ ቁራጭ ቀዳዳ ገብታ «ቀጭ» ስትል ተያያዘ ማለት ነው። ሲያልቅ ይፈታና አልጋ ስር ይገባል። ጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው፣ በባህረ ሰላጤው አገሮች አንድ ክፍል ለሚጋሩ እህቶች፣ ከውጭ በሻንጣ ለቤተሰብ ለሚልክም ከዚህ የሚመች የለም።

ድክመቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው፤ የሚጀምረውም «አንድ ሁለት ቁራጭ አውጥታችሁ ማጥበብ ትችላላችሁ» ከሚለው የማስታወቂያ ቃል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የተቆለመመው ስምንቱ ሲገጠሙ ሙሉ ክብ እንዲሰሩ ነው፤ የአንዱ ድርሻ 45 ዲግሪ ነው። አንዱ ሲወጣ 315 ዲግሪ ይቀራል፤ የጎደለውን መገጣጠሚያዎቹ በግድ እየተጣመሙ ይሞሉታል። ቀለበቱን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ከላይ ብታዩት በየመገጣጠሚያው እንደ ክርን ታጥፎ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ተወጥሮ ሲዞር እያንዳንዱ ዙር ቁልፎቹን ይወዘውዛል፣ ቀዳዳዎቹ ይሰፋሉ፣ ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል፣ በመጨረሻም መሃል ላይ ተፈትቶ ቁራጩ ይወረወራል። በዚያ ላይ 95 ሳንቲ ሜትር የነበረው በሰባት ቁራጭ ወደ 83፣ በስድስት ወደ 71 ይወርዳል፤ ይህ ደግሞ ተመልሶ የልጅ ቀለበት መሆን ነው። ስለዚህ ስምንቱንም ገጥማችሁ ተጠቀሙበት፤ መቀነሱን እርሱት።

ውስጡ ብረት የሆነው ከፕላስቲኩ በግልጽ ይሻላል። ፕላስቲኩ ላይ ቶሎ የሚሰበረው ቁልፏን የምትይዘው ቀጭን ምላስ ናት፤ እሷ ከሄደች ጥገና የለውም። መገጣጠሚያው ትንሽ ከላላ ናስትሮ አንድ ሁለት ዙር ወደ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ጠምጥማችሁ መልሳችሁ ብትገጥሙ ጫጫታው ይጠፋል። ከሦስት ዙር በላይ ከጠመጠማችሁ ግን ቁልፏ ከቀዳዳው ጋር አትገናኝም።

ስፖንጁ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ለስላሳና ደልዳላ ነው፤ ሌላው በውስጥ በኩል ሞገድ የመሰለ ጉብታ አለው። ጉብታው «ወገብ ያሻል፣ ስብ ያሟሟል» ተብሎ ይሸጣል። ስብን በማሸት ማሟሟት የለም። ጉብታው የሚያደርገው የቀለበቱን ክብደት በጥቂት ነጥቦች ላይ ማሳረፍ ነው፤ መበለዙም ከዚያ ይመጣል። ደልዳላውን ግዙ። አስፋልት ላይ እየወደቀ ስፖንጁ ጠርዝ ጠርዙን ስለሚበላ ደጅ የምትሰሩ ከሆነ ሳር ወይም የስፖርት ምንጣፍ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ላብ ሲነካው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃ ውስጥ አይነከር፤ ሙጫው ይለቃል።

ክብደቱን ከካርቶኑ ላይ አትመኑ። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ ይዛችሁት ቁሙ፣ ከዚያ ያለ እሱ ቁሙ፣ ልዩነቱን ውሰዱ። «ሲቀለኝ አሸዋ እሞላዋለሁ» የሚል ምክርም ይዞራል። አሸዋው ቁራጩን እስከ አፉ ካልሞላው ሲዞር ወዲያና ወዲህ ይሸሻል፣ ምቱ ይዛባል፣ በመገጣጠሚያውም እየፈሰሰ ስፕሪንጓን ያደርቃታል። ይቅርባችሁ።

ባለ ኳሱ ቀበቶ

«የማይወድቀው ሁላሁፕ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። በትናንሽ ቅንጥቦች የተያያዘ ቀበቶ ወገብ ላይ ይታሰራል፤ በውጩ በኩል ሐዲድ አለው፤ በሐዲዱ ላይ የሚሽከረከር መንኮራኩር፣ ከመንኮራኩሩ በገመድ የተንጠለጠለ ክብደት ያለው ኳስ አለ። ወገብ ሲወዛወዝ ኳሱ ይዞራል። አይወድቅም የሚሉት እውነት ነው፤ ሰውነት ላይ ታስሯልና። ልብም ያስሮጣል፣ ያልባል። ለመማር ትዕግስት የሌለው ሰው ከመቀመጥ ይሻለዋል።

ለመዝናናት ግን ከቀለበቱ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ሁላሁፕን ሰው ለዓመታት እንዲይዘው የሚያደርገው ዛሬ ያልቻለውን ነገ መቻሉ ነው፤ መጀመሪያ ማቆየት፣ ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዞር፣ ከዚያ እየተራመዱ ማዞር፣ ከወገብ ወደ ደረት ማሳደግ፣ በእጅ መቀበል። ባለ ኳሱ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የሚያስተምረው ነገር የለም። ድምፁም አለ፤ መንኮራኩሩ ሐዲዱ ላይ ሲንኳኳ በቀጭን ግድግዳ ጎረቤት ይሰማዋል። ልጆች በሚሯሯጡበት ክፍል ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ ኳሱ የሚዞረው ልክ በልጅ ፊት ቁመት ነው።

ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ በትክክል ተጠቀሙበት። ቀበቶው ከኳሱ ጋር አብሮ የሚዞር ከሆነ ላልቷል፤ አንድ ቅንጥብ አውጡ። ሲታሰር በወገባችሁና በቀበቶው መሃል ሁለት ጣት ይግባ፤ ከዚያ ከጠበቀ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች ጎድን ስር ይቆረቁራሉ። ኳሱ እየተደናቀፈ ከሆነ ሐዲዱ ውስጥ አቧራና የልብስ ክር ገብቷል፤ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ አጽዱት። ገመዱ ከመንኮራኩሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ተመልከቱ፤ የሚበጠሰው እዚያ ነው፤ ሲበጠስም ኳሱ ተወርውሮ ነው የሚሄደው። ዙር የሚቆጥረው ትንሹ ስክሪን የሚያሳየውን ቁጥር ለደስታ ያህል ተመልከቱት እንጂ ካሎሪ አትቁጠሩበት።

ከውሃ ቱቦ የሚሰራው

ከሦስቱ ምርጡ ይሄ ነው፤ ለማግኘትም ቀላሉ ይሄ ነው። የህንፃ መሳሪያ ከሚሸጡ ሱቆች በጥቅል የሚመጣውን ጥቁር፣ የሚተጣጠፍ የፖሊኢትሊን የውሃ ቱቦ በሜትር አስቆርጡ። ነጩ ወይም አረንጓዴው ደረቅ የቤት ውስጥ ቧንቧ አይሆንም፤ አይታጠፍም፣ ቢታጠፍም ይሰነጠቃል። ጥቁሩ ተጠቅልሎ ስለኖረ ራሱ ክብ መሆን ይፈልጋል።

ለአንድ ሜትር ቀለበት 3.14 ሜትር፣ ለ105 ሳንቲ ሜትር 3.30 ሜትር ቁረጡ። የውጭ ስፋቱ 25 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2.3 ሚሊ ሜትር የሆነው ቱቦ አንድ ሜትር ቀለበት ሲወጣው ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጨርቅ ሲጠመጠምበት ትንሽ ይጨምራል። ከበድ ያለ ለሚፈልግ 32 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3 የሆነው 800 ግራም ገደማ ይመጣል። ለጀማሪ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ወገባቸው ሰፋ ያለ ሰዎች ግን ከበድ ያለው ይቀልላቸዋል።

ጫፎቹን ለማያያዝ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ከውጭ የሚጠብቅ ማገናኛ አትግዙ፤ እንደ እጢ አብጦ ወገብን ይመታል፣ ሚዛኑንም ያዛባል። 25 ሚሊ ሜትሩ ቱቦ የውስጥ ቀዳዳው 20.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የውጭ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ተመሳሳይ ቱቦ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ብታስገቡበት ልክክ ይላል። በ32ቱ ውስጥ ደግሞ የ25ቱ ቁራጭ ይገባል፤ አንድ ሚሊ ሜትር ስለሚላላ ናስትሮ ጠምጥሙበት። ጫፉን በሴጌቶ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ተዛብቶ ከተቆረጠ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ክፍተት ይተዋሉ፣ ያ ክፍተት ቆዳ ይቆነጥጣል። ፍርፋሪውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። የቱቦውን ጫፍ አንድ ደቂቃ ያህል የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሲለሰልስ ቁራጩን እስከ ግማሽ ግፉት፤ ሌላውን ጫፍም እንዲሁ አድርጉና ሁለቱ አፎች እስኪነካኩ አገናኙ። እጃችሁን በወፍራም ጨርቅ ጠብቁ። ቀዝቅዞ ሲኮማተር ይይዘዋል። ምስማርም ብሎንም አያስፈልገውም፤ ጫፉ ይቧጥጣል፣ ቆዳና ልብስ ይቀድዳል። መገጣጠሚያው ላይ ናስትሮ አጥብቃችሁ ጠምጥሙ። ከዚያ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አሳድሩት፤ ክብነቱ ይስተካከላል።

ባዶውን ብትጠቀሙበት ያንሸራትታል። የጨርቅ ፕላስተር ወይም ቀጭን የተቀደደ የጥጥ ጨርቅ በሰያፍ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ጫፉን በናስትሮ እሰሩት። የያዘ ቀለበትና ያንሸራተተ ቀለበት ልዩነታቸው ለጀማሪ የሰማይና የምድር ነው። ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ መኪና ውስጥ ተጣሞ የዋለ ቱቦ እንቁላል መስሎ ይቀራል። ቢጣመምም በሞቀ ውሃ አለስልሶ ማቃናት ይቻላል፤ ከሱቁ ቀለበት የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ቦርጭ ያጠፋል ወይ?

ሰው ሁላሁፕ የሚገዛው በአብዛኛው ለቦርጭ ነው፤ ስለዚህ በቁጥር እንነጋገር። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የሄልሲንኪ ተመራማሪዎች ጥናት 53 ክብደታቸው የጨመረ ሰዎችን ስድስት ሳምንት 1.5 ኪሎ ቀለበት እንዲያዞሩ፣ ስድስት ሳምንት ደግሞ በእግር እንዲሄዱ አደረገ። ያዞሩት በአማካይ በቀን 13 ደቂቃ ያህል ነው፤ የእግር ጉዞው ወደ 10,000 እርምጃ ነበር። የወገብ ዙሪያ በቀለበቱ 3.1 ሳንቲ ሜትር፣ በእግር ጉዞው 0.7 ሳንቲ ሜትር ቀነሰ። የሆድና የጀርባ ጡንቻም በቀለበቱ ጨመረ፣ መጥፎው ኮሌስትሮልም ወረደ። የደም ግፊትን በማውረድ ግን የእግር ጉዞው በልጧል። ደም ግፊት ያለበት ሰው እንግዲህ ቀለበት ገዛሁ ብሎ መራመዱን አይተው። «በሳምንት አሥር ሳንቲ ሜትር» የሚለውን ማስታወቂያም በዚህ መዝኑት።

የአሜሪካ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ምክር ቤት ያሰራው ሌላ ጥናት ደግሞ በደቂቃ ሰባት ካሎሪ ገደማ እንደሚቃጠልና የልብ ምት በአማካይ 151 እንደሚደርስ አሳይቷል። የተሳተፉት ግን በቅጡ የለመዱ፣ ሙሉ ሰውነታቸውን ከቀለበቱ ጋር የሚያንቀሳቅሱ ሴቶች ናቸው። ቆሞ ወገቡን ብቻ የሚያወዛውዝ ሰው ያን ያህል አይጠብቅ።

አዟዟሩና የሚያበላሹት ነገሮች

አንድ እግር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ፣ በትከሻ ስፋት ያህል። ጉልበት ትንሽ ይታጠፍ። ቀለበቱን ከእምብርት ከፍ ባለ ቦታ ጀርባችሁ ላይ አስደግፉና ደልዳላ አድርጋችሁ በኃይል ወርውሩት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አዘንብሎ የተወረወረ ቀለበት ከመጀመሪያው ዙር ሳያልፍ ይወርዳል። ከዚያ ወገባችሁን አታሽከርክሩ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ግፉ፤ ቀለበቱ ሆዳችሁን ሲነካ በሆድ፣ ጀርባችሁን ሲነካ በጀርባ። ዥዋዥዌ እንደመግፋት ነው፤ ኃይሉ ሳይሆን ሰዓቱ ነው ወሳኙ። ትከሻ ይረፍ፣ እጅ ከደረት በላይ ይነሳ።

መውረድ ሲጀምር የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ስሜት መቆም ነው። ተቃራኒውን አድርጉ፤ ጉልበታችሁን ዝቅ አድርጉና ግፊቱን አፍጥኑት፣ ቀለበቱ በሚዞርበት አቅጣጫም ሙሉ ሰውነታችሁን ጥቂት እርምጃ አዙሩ። ሰውነት አብሮት ሲዞር ቀለበቱ የዘገየ ያህል ይሆንና መልሶ ለመያዝ ጊዜ ይሰጣል።

ልብስ ችላ አይባል። ናይለንና ሐር ያንሸራትታሉ፣ ጥብቅ ያለ የጥጥ ልብስ ይይዛል። ቀበቶ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክና ቁልፍ ይውጡ። ቅርጻችን ቀጥ ያለ ነው፣ ዳሌ የለንም የሚሉ ሰዎች ያነሱት ነገር መሠረት አለው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ3D ማተሚያ በተሰሩ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ትንንሽ አካላት ላይ ሞክረው፣ የዳሌ ተዳፋትና የወገብ ስርጉድ ቀለበቱ እንዳይወርድ እንደሚያግዙ አግኝተዋል። ቀጥ ያለ ሰውነት ያለው ሰው ሰፋ ያለ ቀለበት፣ የሚይዝ ልብስና ፈጠን ያለ ግፊት ይጠቀም፤ ይሳካለታል።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመራችሁ 15 ወይም 20 ላይ ድረሱ። ግማሹን ወደ ቀኝ፣ ግማሹን ወደ ግራ። እምቢ የሚለው አቅጣጫ ለሁሉም አለ፤ በአንድ በኩል ብቻ መስራት ግን የጀርባን አንድ ጎን ብቻ ያደክማል። ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ።

ትንሽ መበለዝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያጋጥማል፤ ሁለት ቀን አሳርፉት። በየቀኑ እየበለዘ ከሄደ ቀለበቱ ከብዷል። እርጉዞች፣ ሄርኒያ (ቡአ) ያለባቸው፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም በእግር የሚወርድ የጀርባ ሕመም ያለባቸው አይጀምሩት። ለአራስ ደግሞ «ሆድሽን ቶሎ ያስገባልሻል» እየተባለ ይመከራል፤ ከወሊድ በኋላ የሆድ ጡንቻ ለሁለት ተከፍሎ ሊቆይ ስለሚችል፣ በተለይ በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሐኪም አይቷት ሳይፈቅድ ወገቧ ላይ ምንም ቀለበት አታድርግ።

በሁለቱም አቅጣጫ ሦስት ሦስት ደቂቃ ሳይወድቅ ማቆየት የቻለ ሰው ቀጥሎ የሚፈልገው የከበደ ሳይሆን የጠበበና የቀለለ ቀለበት ነው፤ ከ100 ወደ 90 ሳንቲ ሜትር። የቱቦውን የሰራችሁ ከሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ መገጣጠሚያውን በሞቀ ውሃ ፈትታችሁ 31 ሳንቲ ሜትር ቀንሱና መልሳችሁ ግጠሙት።